ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች እርጅናን እንዴት ነው የሚያዩት? አረጋውያንን ከልጆች ጋር ለማገናኘት ምክር ፈልጌ ነው

የጣና ዳር መምህርት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የማስተምረው ባሕር ዳር፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ልጆቹ ከ4 እስከ 6 ዓመት ናቸው፤ በአንድ ክፍል 32። ስለ ቤተሰብና ጎረቤት በምናስተምርበት ወር አረጋውያንን ማካተት ተፈልጓል። እስካሁን የቀረበው ሐሳብ ለገና ሰሞን ልጆቹን ሁሉ በአንድ ቀን ወደ አረጋውያን መርጃ ወስዶ፣ መዝሙር አዘምሮ፣ ሳሙናና ብርድ ልብስ አስረክቦ መመለስ ነው።

ከመወሰኑ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ እርጅና ምን ያህል ይገባዋል? የ25 ዓመቷን ረዳት መምህርት "አሮጊት" የሚል ልጅ አለ፤ ሽበታም አያቱን ደግሞ "ሽማግሌ አይደለም፣ አባባ ነው" ይላል። ጥርስ የሌላቸው ወይም ዓይናቸው የነጣ ሰው ሲያዩ መምህሯ ቀሚስ ውስጥ የሚደበቁም አሉ። ይሄ ንቀት ነው፣ ፍርሃት ነው ወይስ አለማወቅ? ሌላው፣ ግንኙነቱ እንዴት ቢደረግ ነው ልጆቹም አረጋውያኑም የሚጠቀሙት? ስንት ልጅ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን እየሠሩ የሚለውን የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ሰባታሚት፦

መምህርት፣ ንቀት አይደለም። የ4 ዓመት ልጅ ዕድሜን የሚለካው በቁመት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ስለ ልጆችና ጊዜ ባሳተመው ጥናት ይህን በዛፍ ሥዕሎች አሳይቷል። አንዱ ዛፍ ቀድሞ ተተክሏል፤ ሌላው ዘግይቶ ተተክሎ በቁመት አልፎታል። ትንንሾቹ ልጆች የትኛው ቀድሞ እንደተተከለ እያወቁም ረጅሙን በዕድሜ ትልቅ አደረጉት። ትልልቅ ሰዎች ቁመታቸው ስለቆመ ዕድሜያቸውም የቆመ የሚመስላቸው ልጆችም አሉ። ግቢያችሁ ውስጥ ማንጎና ፓፓያ ካለ ሥዕል አያስፈልጋችሁም። አምና የተተከለ ፓፓያ ካቻምና የተተከለውን ማንጎ ጥሎት ይሄዳል። ልጆቹን ከሥሩ አቁሞ መጠየቅ ይበቃል።

ግን እኔ ትልቁ ጣጣ አማርኛችን ላይ ነው ባይ ነኝ። "ትልቅ" ቁመትም ነው፣ ዕድሜም ነው። "ማን ይበልጣል?" ብለን ጠይቀን ልጁ ረጅሙን ቢጠቁም ምኑ ላይ ተሳሳተ? "ቀድሞ የተወለደው ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የአንዳንዱ ልጅ መልስ ወዲያው ይቀየራል። "አረጀ"ም እንዲሁ ነው። ጫማ ያረጃል፣ ይጣላል። መጥረጊያ ያረጃል፣ ይጣላል። ከዚያ "እማማ አርጅተዋል" ስንለው ልጁ የሚያውቀው ያንኑ ቃል ነው፤ "አሮጌ"ና "አሮጊት"ም ለጆሮው ዘመዳሞች ናቸው። "እማማን መቼ ነው የሚጥሏቸው?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሰዋስው እየሠራ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለዕቃ "አሮጌ"፣ ለሰው ግን "ብዙ ዓመት የኖሩ" በሉ። ይረዝማል፣ ግን ግልጽ ነው።

አንቱታም አይረዳውም። ወጣቷን መምህርት "እርስዎ" እንዲል ይማራል፣ ቤት ሲገባ የ70 ዓመት አያቱን "አንቺ" ይላታል። ከዚህ የሚማረው ቅርበትና ርቀትን ነው፣ ዕድሜን አይደለም። "አባባ ነው እንጂ ሽማግሌ አይደለም" ያለው ልጅም ይኼንኑ ነው የነገራችሁ። "ሽማግሌ" ለእሱ መንገድ ላይ የሚያየው እንግዳ ሰው ነው።

ከግንኙነቱ በፊት ልጆቹ በመረዳት የት ደረጃ ላይ እንዳሉ እወቁ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ መጠይቅ አለ፤ ለልጆቹ አንድን ሰው በአራት የተለያየ ዕድሜ የሚያሳይ ሥዕል ይሰጣል። ለእናንተ እንዲህ አድርጉት። የአንድ ሰው አራት ፎቶ ፈልጉ፣ በግምት በ20፣ በ40፣ በ60ና በ80 ዓመቱ። ከአንገት በላይ ብቻ ይሁን፤ ሙሉ ቁመት ከታየ ልጁ ቁመት ይለካል። ሁሉም በአንድ መጠን ይታጠቡ። አራት የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ግን ፈተናው ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም ዋናው ጥያቄ "ይህ ሰው ያ ሰው ነው?" የሚለው ነው። ልጁን ለብቻው አስቀምጡና መጀመሪያ በቅደም ተከተል አስደርድሩት። ቀጥሎ "በምን አወቅህ?" በሉት። ከዚያ የመጨረሻውን ፎቶ እያሳያችሁ "እኚህ ሰው ምን መሥራት ይችላሉ?" መጨረሻ ላይ "አንተስ እንደዚህ ትሆናለህ?" ለአንድ ልጅ 5 ወይም 6 ደቂቃ ይበቃል። መልሱን እንዳለ ጻፉት፣ አታርሙት።

በ4 ዓመት ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት ሽበት፣ ከዘራ፣ ጥርስ ነው። 5ን ሲያልፍ መደርደሩ ይስተካከላል፣ ግን "አንተስ?" ሲባል "እኔ አልሆንም" ይላል። ሁሉም ሰው በየዓመቱ አንድ አንድ ዓመት እንደሚጨምርና በእሱና በታላቅ ወንድሙ መካከል ያለው ልዩነት መቼም እንደማይጠብ የሚገባው ወደ 7 እና 8 ሲጠጋ ነው። የሜሪላንዱ ጥናት ያሳየው አንድ ነገር ልብ ይነካል፤ ልጆቹ አረጋውያንን "ደጎች ናቸው" እያሉ፣ ራሳቸው ማርጀትን ግን አልፈለጉም። ከቤተሰብ ውጭ የሚያውቋቸው አረጋውያንም በጣም ጥቂት ነበሩ።

ስለ ገናው ጉብኝት በግልጽ ልናገር፦ ተዉት። የዚያው ጥናት አንዷ ባለቤት ካሮል ሲፌልት በ1987 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው ሥራ፣ በየሳምንቱ የአረጋውያን መጦሪያ ይጎበኙ የነበሩ ሕፃናት ስለ እርጅና የነበራቸው አመለካከት ካልጎበኙት የባሰ እንደነበር አሳይቷል። ልጆቹ ያዩት የታመመና የደከመ ሰው ብቻ ነበርና። ልጅ የሚያየውን ነው የሚማር። አልጋ ላይ የተኛና ብርድ ልብስ የሚቀበል ሰው ካሳየነው "አረጋዊ ማለት የሚተኛና የሚቀበል" ብሎ ይይዛል።

ነርስ ከሽምብጥ፦

በሰባታሚት ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ በአረጋውያኑ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ሰዎቹ ወደ ልጆቹ ይምጡ። ለ32 ልጅ 4 አረጋውያን፣ ሁለት ሴት ሁለት ወንድ፣ በራሳቸው እግር (በከዘራም ቢሆን) የሚመጡ። ልጆቹን ግማሽ ግማሽ አድርጊ፤ 16 ልጅ አንድ ቀን፣ 16 ሌላ ቀን፣ ለእያንዳንዱ አረጋዊ 4 ልጅ። ከ40 ደቂቃ አይብለጥ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3:30 አካባቢ ይሁን፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ሙቀቱም ድካሙም አለ። ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሁን። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲወርድ የሚሰማም የሚያሰማም የለም። ረቡዕና ዓርብን ተዪ፤ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሻላል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የሚቀርበው ነገር ከመጀመሪያውም የጾም ይሁን። ቆሎ አታቅርቢ። ጥርስ ለሌለው ሰው ቆሎ ዘግኖ መስጠት ልጆቹ ፊት ማሳፈር ነው። ሙዝና ለስላሳ ዳቦ ጥሩ ነው። ስኳር ሕመም ያለባቸው ካሉ አስቀድመሽ በግል ጠይቂ፤ ቀድሞ ካልታወቀ ይሉኝታ ይዟቸው የቀረበውን ጣፋጭ ይጠጣሉ። አንዳንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ሽንት ስለሚያስመጣ መጸዳጃ ቤቱ ቅርብና ደረጃ የሌለው መሆኑን አረጋግጪ።

ወንበር ወሳኝ ነው። የልጆቹ ወንበር ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ላይ ጉልበቱ የደከመ ሰው ተደግፎ ካልሆነ አይነሳም። ልጆቹ የሚያዩት መጨረሻው ትዕይንት ደግሞ ሰውዬው ሲጎተቱ ይሆናል። 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ፈልጊ። በርጩማ አይሆንም። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ከፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ይቀመጡ።

ጆሮ፦ በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የልጅ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ የሚባሉትም ቀጫጭን ናቸው። ልጁ ጠይቆ መልስ ሲያጣ "አይወዱኝም" ይላል። መጮኽ አይጠቅምም፤ ድምፅ ሲጮኽ የበለጠ ይቀጥናል። "ፊት ለፊት፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ" የሚለውን እንደ ጨዋታ አለማምጃቸው።

ዓይን፦ ልጆቹ የሚፈሩት ነጭ የሆነው ብሌን ብዙ ጊዜ የዓይን ሞራ ነው፤ በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት መንስኤ። "ዓይናቸው ውስጥ ያለው መስተዋት ደመና ይዞታል፤ ሐኪም ቀዶ በሌላ ሊተካው ይችላል፤ አይጋባም" በቂ ነው። ትራኮማ ግን ይጋባል፤ በክልላችን ደግሞ በብዛት የሚገኘው ሕፃናት ላይ ነው። ስለዚህ የልጆቹ ፊትና እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጉንፋን የያዘው ልጅ የዚያን ቀን ወደ ሁለተኛው ቡድን ይዛወር፤ የልጅ ጉንፋን ለ80 ዓመት ሰው ቀላል አይደለም።

ከዘራ፦ ልጆቹ ያለ ጥርጥር ያነሱታል፤ ሰውዬው ሲነሱ ያጡትና ይወድቃሉ። መጀመሪያውኑ ባለቤቱ ራሳቸው ያሳዩዋቸው፦ እጀታው የት እንደሚያዝ፣ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ወይም ብረት ለምን እንደሆነ፣ ከየትኛው እንጨት እንደተሠራ። ከዚያ "ይህ እግራቸው ነው፣ ያለ ፈቃድ አይነካም" ይባል። የተነካ ነገር ጉጉቱ ይወጣል።

ፈቃደኛ የሆኑ አረጋዊት እናት ካሉ ደግሞ እጅ ከእጅ ያስተያዩ። ልጁ የራሱን የእጅ ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣት በቀስታ ቆንጥጦ ይልቀቅ፤ ወዲያው ይመለሳል። የእናትየው ቆዳ እንደ ትንሽ ጋራ ቆሞ ይቆይና ቀስ ብሎ ይወርዳል። "ቆዳን እንደ ላስቲክ የሚስበው ነገር በዓመታትና በፀሐይ ይቀንሳል" በይ። ሽበትም እንዲሁ ነው፤ የፀጉሩ ሥር ቀለም መሥራት ያቆማል። ታጥቦ የለቀቀ የሚመስላቸው ልጆች አሉና ይህን በቃል ንገሪያቸው።

አዴት መንገድ፦

ይቅርታ፣ ነገሩ የተወሳሰበ መሰለኝ። ልጅ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነስቶ ወንበር መልቀቅ፣ ጉልበት መሳም፣ ሲጠሩት "አቤት" ማለት ይማር። መረዳቱ በኋላ ይመጣል። አሁን ፎቶ አስደርድሮ "ምን ይመስልሃል?" ማለት አክብሮትን ለልጅ ምርጫ መተው አይሆንም ወይ?

ሰባታሚት፦

ወንድሜ፣ ሥርዓቱ ይቅር ያለ የለም። ወንበር መልቀቅ ለ4 ዓመት ልጅ በጣም ጥሩ ትምህርት ነው፤ ያደረገው ነገር ውጤቱ ወዲያው ይታየዋልና፤ ቆመው የነበሩት ሰው ተቀመጡ። የሚጎዳው የፈራን ልጅ አንገቱን ይዞ ፊት ላይ ማሳም ነው። ያን ጊዜ ፍርሃቱና የሰውዬው ፊት አንድ ላይ ይታተማሉ። ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ከሩቅ "እንደምን አደሩ"፣ ቀጥሎ አንድ ነገር በእጅ ማቀበል (ውኃ፣ ሙዝ)፣ ከዚያ እጅ መጨበጥ፣ ጉልበት መሳም መጨረሻ። አንዳንዱ ልጅ በአንድ ጠዋት ያልፈዋል፣ ሌላው አራት ጊዜ መገናኘት ይፈልጋል።

ከዚህ ይልቅ አክብሮትን የሚያፈርሰው የእኛው አፍ ነው። "ዝም ካላልክ ለእኚያ ሽማግሌ እሰጥሃለሁ"፣ "ብላ፣ አለበለዚያ አሮጊቷ ትወስድሃለች" እያልን ጠዋት እናስፈራራውና ከሰዓት በኋላ "ና ሳማቸው" እንለዋለን። መምህርት፣ ለወላጆች በምትልኩት ማስታወሻ ላይ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ለአንድ ወር ያህል አረጋዊን ማስፈራሪያ አታድርጉ።

ነገሩ ለልጁ ለራሱም ነው። ቤካ ሌቪ የተባለች ተመራማሪ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለ23 ዓመት ያህል ሲከታተሏቸው፣ ስለ ገዛ እርጅናቸው በጎ የሚያስቡት በአማካይ 7 ዓመት ተኩል በልጠው ኖረዋል። ያ አስተሳሰብ በ50 ዓመት ድንገት የሚመጣ አይደለም።

ጥጥና ደንገል፦

"ምን እየሠሩ?" ለሚለው፦ ቁጭ ብሎ ተረት መስማት ብቻውን ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይፈታሉ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ ወገኖች ሲገናኙ ጥላቻ የሚቀንሰው እኩል ሆነው፣ ለአንድ ግብ፣ ተባብረው ሲሠሩ፣ የበላዮቻቸውም ሲደግፉት ነው ብሏል። ለልጅና ለአረጋዊ ይህ ማለት ልጁ ያለ ሽማግሌው፣ ሽማግሌውም ያለ ልጁ የማይጨርሱት ሥራ ማግኘት ነው።

ጥጥ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ፍሬው ያልወጣ ጥጥ ለአንድ ልጅ አንድ እፍኝ ስጡ። ልጆቹ በጣታቸው ፍሬውን ይልቀሙ፤ ትንሽ ጣት ለዚህ ከአዋቂ ጣት ይሻላል፣ ደህና ያልሆነ ዓይንም ፍሬውን አያገኘውም። የተለቀመው ፍሬ በአንድ ሳህን ይሰብሰብና ይቆጠር፤ ካልተቆጠረ ጆሮና አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ጥጡን በጣት እየሳቡ ያፍታቱ፤ በደጋን እንደሚነደፈው ባይሆንም ለትንሽ ሥራ ይበቃል። አረጋዊቷ እናት ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ይፈትላሉ። እንዝርቱ ጫፉ ሹል ስለሆነ ልጅ አይይዘውም፤ ልጁ የሚይዘው ክሩን ነው። አንድ እፍኝ ጥጥ ለአራት ልጅ የእጅ አምባር የሚሆን ክር ይወጣዋል፣ ይተርፋልም። ልጁ ያን ክር እጁ ላይ አስሮ ቤት ሲገባ "ማን ሠራልህ?" ሲባል ስም ይጠራል።

ለወንዶቹ ደንገል (ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል) ጥሩ ነው። ከጣና ዳር የተቆረጠ ደንገል ፀሐይ ላይ ከርሞ የደረቀ ይሁን፤ ከማሰሩ በፊት ግን ውኃ ይነካው፣ ድርቅ ያለው ይሰነጠቃል። 40 ሳንቲ ሜትር የምታክል ትንሽ ታንኳ በቂ ናት። ሁለት ልጅ እስሩን አቅፎ ይይዛል፣ አረጋዊው ገመዱን ይስባሉ። ልጆቹ ከለቀቁ እስሩ ይበተናል፤ መልሰው ይሰበስባሉ። መጨረሻ ላይ በሳፋ ውኃ ላይ ትንሳፈፍ። በደንገል ታንኳ ሥራ ከሚታወቀው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አረጋዊ ማግኘት ከቻላችሁ ከዚህ የተሻለ መምህር የለም። ግን እንደ ባለሙያ፣ ተከፍሏቸው ይምጡ።

የጣና ዳር መምህርት፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገናው ጉብኝት እንዲቀር ሐሳብ አቀርባለሁ። ሦስት ነገር ቀርቶኛል። አንዳንድ አረጋውያን የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም፤ ልጆቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ስንት ዓመትዎ ነው?" ነው። ሁለተኛ፣ "ሊሞቱ ነው?" ብለው ከጠየቁስ? ሦስተኛ፣ ጨርሶ እምቢ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ምን ይደረጋል?

ሰባታሚት፦

ዓመቱን በታወቀ ነገር ፈልጉት። "የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ሲከፈት ምን ይሠሩ ነበር? ጥጃ ይጠብቁ ነበር ወይስ ትዳር ይዘው ነበር?" ጥጃ ጠባቂ ከነበሩ 8 ዓመት ገደማ ናቸው፣ ልደታቸው ወደ 1947 ይሄዳል ማለት ነው። በ1966 አብዮትና በ77 ድርቅ ደግማችሁ አረጋግጡ። ሦስቱ ካልገጠሙ የመጀመሪያው ግምት ነው የሚፈተሸው።

ቁጥሩን ለልጆቹ በገመድ አሳዩ። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቋጠሮ፣ አንድ ቋጠሮ አንድ ዓመት። የ5 ዓመት ልጅ ገመድ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የ70 ዓመት ሰው 3 ሜትር ተኩል። መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘርጉና ልጁ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይራመድበት። ባለቤቱ እዚህ ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ እዚህ ላይ የመጀመሪያ ልጄ ተወለደ እያሉ በየቋጠሮው ቀይ ክር ይሰሩ። ልጆቹ ሰውዬው አንድ ጊዜ የእነሱን ያህል አጭር ገመድ እንደነበራቸው የሚያዩት እዚህ ነው። ቁመት የለበትም፣ "ትልቅ" የሚል ቃልም የለበትም።

ስለ ሞት፦ እንደገና ቃል ላይ ነን። "አረፉ" እንላለን። ያው ልጅ ግን "አረፍ በሉ" ሲባል ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይቷል፤ "ዕረፍት" ማለት ለእሱ ትምህርት ቤት የማይኬድበት ቀን ነው። "አንቀላፉ" ሲባል ማታ መተኛት ይፈራል። ስፒስና ብሬንት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 (እ.ኤ.አ.) የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው እንዳሳዩት፣ የሞተ እንደማይመለስ፣ ሰውነቱ ሁሉ ሥራ እንደሚያቆምና ሁሉም ሰው እንደሚሞት አብዛኛው ልጅ የሚረዳው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ለ4 ዓመቱ በአጭሩ፦ "ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል፣ አይመለስም። እማማ ግን ዛሬ ደህና ናቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ ነው።" ስለ ነፍስና ስለ ሰማይ ወላጆቹ እንደየእምነታቸው ይንገሩት፤ ለእናንተ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ፊት ይህን ያህል በቂ ነው። አረጋውያኑንም ጥያቄው ሊመጣ እንደሚችል አስቀድማችሁ አሳውቁ። ብዙዎቹ ከእኛ የተሻለ ይመልሱታል።

ነርስ ከሽምብጥ፦

እምቢ ያለውን ልጅ አትጎትቺ፤ ከክፍልም አታውጪ። በሩ አጠገብ፣ ረዳቷ ጉያ፣ ሁሉም ነገር ግን በሚታየው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ሥራ ስጪው፦ የተለቀመውን የጥጥ ፍሬ ሳህን ከጓደኞቹ ተቀብሎ ማስቀመጥ ለምሳሌ። "ምን አስፈራህ?" ስትዪው የሚጠቁመው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተለየ ነገር ነው፦ ጥርስ፣ ዓይን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ። ለዚያ ለአንዱ ነገር ብቻ መልስ ስጪው።

ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያው አራት ሰዎች ይምጡ፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው በኩል። ልጆቹ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ይያዙ፣ "እማማ እገሊት"፣ "አባባ እገሌ" እያሉ። አንዱ ቀን አንዳቸው ታመው ከቀሩ ወንበሩን አታንሺ፤ የት እንዳሉ ለልጆቹ እውነቱን ተናገሪ፣ ከዚያ የጀመሩት ክር ካለ አስቀምጪላቸው።